ስድስት ሰዓትና አራት መቶ ኪሎ ሜትር

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሽጉጣቸውን ጠጥተው ሲወድቁ፣ እንግሊዞች ከአምባው ያወረዱት ዘውዱንና የብራና መጻሕፍቱን ብቻ አልነበረም። በዚያ ግርግር ከወላጆቹ የተለያየ የሦስት ዓመት ገደማ ሕፃንም ይዘው ወርደዋል። ልጁ ወደ ሕንድ ተወሰደ፤ እዚያ አሳዳጊ አግኝቶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ፤ ላሆር ላይ ሕክምና ተምሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ተመረቀ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ አገሩ ሲመጣ ዘመዶቹ ለዩት። በታሪካችን የምናውቃቸው ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ፣ በዘመናዊ ትምህርት የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሐኪም፣ እኒህ የመቅደላ ልጅ ናቸው።

ወርቅነህ በተማሩበት ዘመን ላሆርም ሆነ ለንደን ያለ ሐኪም የተበጠሰ ደም ቅዳ ሲገጥመው የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጫፉን ይዞ በክር ያስራል። ደሙ ይቆማል፤ ነፍስ ትተርፋለች። ከታሰረው በታች ያለው እግር ግን በትንንሾቹ ቅርንጫፍ ሥሮች በኩል በቂ ደም ካላገኘ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ መጋዝ ይመጣል። የተበጠሰውን መልሶ ለመግጠም የሞከሩ አልጠፉም። ነገር ግን ደሙ በስፌቱ ላይ እየረጋ ድካማቸውን ሁሉ መና ያስቀርባቸው ነበር።

ወርቅነህ በተመረቁበት በዚያው ዓመት አፄ ዮሐንስ አራተኛ ከጦሳ ተራራ ግርጌ ሰፍረው፣ ሰማይ ላይ ጅራታም ኮከብ አይተው፣ ቦታውን ደሴ ብለው ሰየሙት ይባላል። ሰባት ዓመት አልቆየም። መጋቢት 1881 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ከደርቡሾች ጋር ሲዋጉ በጥይት ቆስለው ሞቱ። የዮሐንስን ሞት የሚያነብ ሰው፣ አውሮፓ ውስጥ ቢሆኑ ኖሮ ይድኑ ነበር ብሎ ያስብ ይሆናል። የሊዮን ከተማ ታሪክ ግን እንዲህ ያለውን ግምት አይደግፍም።

እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 1894 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን ላይ በጩቤ ተወጉ። ጩቤው ወደ ጉበት የሚገባውን ትልቁን ደም መልስ ቆርጦታል። የከተማዋ ስመ ጥር ቀዶ ሐኪሞች ተጠሩ፤ ሆዳቸውን ከፈቱ፤ ደሙ የሚፈስበትን አዩ። ሊሰፉት ግን አልቻሉም። ፕሬዚዳንቱ እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ሞቱ። በዓለም ላይ የትም ቢሆን የሚሰፋላቸው እጅ አልነበረም።

በዚያች ከተማ አሌክሲስ ካሬል የሚባል፣ ሃያ አንድ ዓመት ሊሞላው ቀናት የቀሩት የሕክምና ተማሪ ነበር። ሥሩን መስፋት ቢቻል ኖሮ ፕሬዚዳንቱ አይሞቱም ነበር ብሎ ተነሣ። ከዚያም ትልልቆቹ ሐኪሞች ሊያስቡት ወደማይችሉት ቤት ሄደ፤ ወደ አንዲት ጥልፍ ጠላፊ። ሊዮን የሐር ከተማ ናት፤ ማዳም ለሩዲዬ የተባለችው ባለሙያ እጅግ ቀጭን መርፌና ክር እንዴት እንደሚያዝ አስተማረችው። ወሎ ውስጥ የቀሚስ ጥልፍ የሠራች ወይም ስትሠራ የተመለከተች ሴት ካሬል ምን እንደተማረ በቀላሉ ይገባታል፦ ጨርቁን ሳይጨማደድ መወጠር፣ ክሩን ሳይበዛና ሳይጠብቅ መሳብ።

ካሬል ያገኘው ዘዴ ሲነገር ቀላል ነው። የሁለቱን ጫፎች ክብ አፍ በእኩል ርቀት በሦስት ክሮች ይይዛል፤ ክሮቹ ሲወጠሩ ክቡ ሦስት ማዕዘን ይሆናል፤ እያንዳንዱ ጎን ቀጥ ስለሚል መርፌው ከኋላ ያለውን ግድግዳ ሳይወጋ ይሰፋል። ሐሩን በቫዝሊን አለሰለሰው፤ የውስጡን ሽፋን እንዳይጎዳ ተጠነቀቀ፤ ምክንያቱም ደም የሚረጋው ያ ስስ ሽፋን ሲቧጠጥ ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1902 አሳተመ። ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በውሾች ላይ ኩላሊት እስከ መትከል ደረሰ፤ በ1912 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። አሥራ ስምንት ዓመት የፈጀው ይህ ሥራ ባይኖር ኖሮ ከዚህ በኋላ የማወራው ሁሉ አይኖርም ነበር።

የጎደለው የመርጋቱ ነገር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1916 ባልቲሞር ውስጥ ጄይ ማክሊን የተባለ የሕክምና ተማሪ ከውሻ ጉበት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አገኘ። በኋላ ሄፓሪን ተባለ። ለሰው የሚሆን ንጹሕ መድኃኒት ሆኖ ከቶሮንቶና ከስቶክሆልም የወጣው ግን በ1930ዎቹ አጋማሽ ነው።

በእነዚያው ዓመታት ደሴ ጦር ሰፈር ሆነች። ኅዳር 1928 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ የጦር መምሪያቸውን ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ አዛወሩ። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች መጥተው ከተማዋን በቦምብ ደበደቡ። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአድቬንቲስት ሚሲዮን ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ሲተኩሱ የተነሡት ፎቶግራፍ የዚያ ቀን ነው። የውጭ ጋዜጠኞችም ከተማው ውስጥ ነበሩና ዜናው ዓለምን አዳረሰ።

የቦምብ ፍንጣሪ የእጅና የእግር ጠላት ነው። የታፋን ወይም የክንድን ደም ቅዳ የበጠሰ ፍንጣሪ ለሐኪሙ የሚተወው ሁለት መንገድ ነበር፤ ማሰርና መቁረጥ። በዚያች ዕለት ሆስፒታሉ ለሕሙማን ማረፊያ መሆኑ ቀርቶ ራሱ ቆስሎ ሳለ፣ የካሬል ዘዴ ከታተመ ሠላሳ ሦስት ዓመት ሆኖታል። በወሎ የተወለዱትና ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን በዚያው 1935 እ.ኤ.አ. ለጦርነቱ ወደ አገራቸው ተመልሰው ነበር። እንደ እሳቸው ያሉ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች ግን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ።

ስለ ካሬል አንድ መራራ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ደሴ በተደበደበችበት በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንዳንድ ወንጀለኞችን በጋዝ መግደል ይገባል ብሎ ጻፈ። ከደሴ ድብደባ ጥቂት ሳምንታት በኋላ የጣሊያን ጦር ተከዜ አጠገብ በኢትዮጵያውያን ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ማፍሰስ ጀመረ። ሁለቱ ነገሮች አንዱ የሌላው ውጤት አይደሉም። ነገር ግን ያን የመሰለ የሰው ሥጋ የሚያድን እጅ ያን የመሰለ ሐሳብ መጻፉ ያሳዝነኛል፤ ስፌቱን ስናመሰግን ሰውየውን አብረን ማመስገን አይጠበቅብንም።

በሚያዝያ 1928 ጣሊያኖች ደሴ ገቡ። ፒያሳ የሚለው የመሐል ከተማው ስም የቀረው ከእነሱ ነው፤ ከአስመራ ተነሥቶ በደሴና በኮምቦልቻ አድርጎ አዲስ አበባ የሚደርሰው የመኪና መንገድም የእነሱ ሥራ ነው። ለወረራ የተሠራ መንገድ ነበር። የደቡብ አፍሪካ ጦርና አርበኞች በሚያዝያ 1933 ደሴን ሲያስለቅቁም የወጡት በዚያው በኮምቦልቻ ሽቅብ ነው። መንገዱ ከዚያ ወዲህ ለወሎ በሽተኛ ዋናው የሕክምና መስመር ሆነ። ከፒያሳ እስከ አዲስ አበባ ወደ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው።

አሁን ስለ ሰዓት ልናገር። ደም የተቋረጠበት የእግር ጡንቻ የሚታገሠው ስድስት ሰዓት ያህል ነው። ነርቭ ቀድሞ ይደክማል፤ ጣት መደንዘዝ ይጀምራል፤ ቆዳ ይገረጣል። ከስድስት ሰዓት በኋላ ደሙ ቢመለስ እንኳ የሞተው ጡንቻ ያብጣል፣ መርዙን ወደ ልብና ወደ ኩላሊት ይልካል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደቤኪና ሲሞኒ የተባሉት የአሜሪካ ሐኪሞች 2471 የደም ቅዳ ቁስሎችን መዝግበው እ.ኤ.አ. በ1946 አሳተሙ። የተሰፉት 81 ብቻ ነበሩ። ደም ቅዳቸው ከታሰረባቸው ወታደሮች ግማሽ ያህሉ እጅ ወይም እግራቸውን አጡ። ምክንያቱ የሐኪሞቹ አለመቻል አልነበረም፤ ቁስለኛው ቀዶ ሐኪም ዘንድ የሚደርሰው በአማካይ ከአሥር ሰዓት በኋላ ስለነበር ነው።

ይህን የለወጠው የኮሪያ ጦርነት ነው፤ ያም ጦርነት የእኛም ነበር። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ግንቦት 1951 እ.ኤ.አ. ፑሳን ደረሰ፤ በአሜሪካ ሰባተኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ሥር ተሰለፈ። ቃኘዎች ከ120 በላይ ሞተውባቸው፣ ከ530 በላይ ቆስለውባቸው፣ አንድም ምርኮኛ ሳይሰጡ ተመለሱ። ቁስለኞቹ የሚነሡት በአሜሪካኖቹ የሕክምና ሰንሰለት ነበር። በዚያ ሰንሰለት ላይ ሄሊኮፕተር ቁስለኛውን ከሸለቆ አንሥቶ ጦር ግንባር አጠገብ ወደ ተተከለ የድንኳን ሆስፒታል ያመጣው ጀመር። ደንቡ ግን አሁንም እሰር ይል ነበር። ፍራንክ ስፔንሰርን የመሰሉ ወጣት ሐኪሞች ደንቡን ጥሰው ሰፉ፤ የተጎዳው ርቀት ረጅም ሲሆን ከሌላው እግር ደም መልስ ቆርጠው መሐል አስገቡ። በጦርነቱ መጨረሻ ከተሰፉት መካከል እግሩ የሚቆረጠው ወደ 13 በመቶ ወረደ። ግማሽ የነበረው ማለት ነው። ግኝቱ ሃምሳ ዓመት የሞላው ነበር፤ አዲሱ ነገር የሰዓቱ ማጠር ነው።

ከዚያ ወዲህ ምርምሩ ፈጠነ። እ.ኤ.አ. በ1961 ቶማስ ፎጋርቲ ከጓንት ጣት በሠራት ትንሽ ፊኛ የረጋ ደምን ከሥር ውስጥ ጎትቶ አወጣ። በ1964 ቻርልስ ዶተር ኦሪገን ውስጥ እግሯ መቆረጥ የነበረበትን የ82 ዓመት አሮጊት የጠበበ ሥር ያለ ቢላ በቱቦ ከፈተ። በ1966 ኒው ዮርክ ውስጥ ብሬሻና ቺሚኖ የእጅን ደም ቅዳ ከደም መልስ ጋር በመግጠም ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች በየሳምንቱ ደማቸው የሚታጠብበትን በር ሠሩ። በ1977 አንድሬያስ ግሩንትሲግ ፊኛን የልብ ደም ቅዳ ውስጥ አስገባ።

በአገራችን ያ ዘመን የመጀመሪያዎቹ የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዘመን ነው። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ተከፈቱ። ከኤድንብራ ቀዶ ሕክምና ተምረው የመጡት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ፋኩልቲውን መርተዋል፤ ቀዶ ሐኪም አገር ውስጥ እንዲሠለጥንም ደክመዋል። ዛሬ በወሎ ሆስፒታሎች ቢላ የሚይዝ ሐኪም ሁሉ ሥልጠናው ተከታትሎ ሲቆጠር ከዚያ ትውልድ ይመዘዛል። እሳቸው ራሳቸው ከእስር ከወጡ በኋላ ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም. በልብ ሕመም ያረፉት ፊላደልፊያ ነው፤ ለእሳቸው የሚሆነው ሕክምና ባሠለጠኑበት አገር ገና አልነበረም።

የልብ ቀዶ ሕክምናው ቀስ ብሎ መጣ። ዶክተር በላይ አበጋዝ እ.ኤ.አ. በ1989 የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን አቋቋሙ። ሕፃናቱን ውጭ አገር እየላኩ ሃያ ዓመት ከታገሉ በኋላ፣ በ2009 ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። መስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር የመጀመሪያውን የኩላሊት ንቅለ ተከላ አደረገ። ንቅለ ተከላ ሲባል ኩላሊቱ ይታሰበናል እንጂ ሥራው የደም ሥር ስፌት ነው፤ የለጋሹ ደም ቅዳ ከተቀባዩ ጋር ካሬል እንዳሳየው በጥቃቅን ክር ይገጠማል።

እነዚህ ሁሉ አዲስ አበባ ናቸው። ገጠሩ ውስጥ እጅና እግር የሚቆረጥበት ምክንያት ግን ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ የራቀ ነው። ልጅ ከዛፍ ይወድቃል፤ አጥንቱ ይሰበራል፤ ወጌሻ በሸንበቆ ቅርፊት ጥብቅ አድርጎ ያስራል። የተሰበረ እጅ ያብጣል፤ ማሰሪያው ግን አይለጠጥም። ግፊቱ መጀመሪያ ደም መልሱን፣ ቀጥሎ ደም ቅዳውን ይዘጋል። ልጁ ሲያለቅስ የስብራቱ ሕመም ነው ይባላል፤ ልቅሶው ሲቆም ደግሞ ተሻለው ይባላል፤ ነርቩ የሞተው ግን ያን ጊዜ ነው። ኢትዮጵያዊው ቀዶ ሐኪም መኮንን እሸቴ እ.ኤ.አ. በ2005 በእንግሊዝ የአጥንት ሕክምና መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ለእኔ ከብዙ ታላላቅ ግኝቶች ይበልጥብኛል። ወጌሾችን ሰብስበው አላወገዙም፤ አጭር ትምህርት ሰጧቸው፤ የጣትን ቀለምና ሙቀት እንዲያዩ፣ ሲያብጥ እንዲያላሉ። ጋንግሪን ይዟቸው ለመቆረጥ የሚመጡት ቁጥር ቀነሰ።

ሌላው በሽታ ያለ ጥይትና ያለ ስብራት ይመጣል። ስኳርና ደም ግፊት የሥሩን ውስጠኛ ሽፋን ለዓመታት እየቧጠጡ ያጠቡታል። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግቢ ከከፈተ ወዲህ መምህራኑ በደሴ ሆስፒታል ክትትል ላይ ያሉ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማንን እያጠኑ ጽሑፎች አውጥተዋል። የከተማው ሰው ችግር ምን እንደሆነ በራሱ ከተማ መታወቅ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ በኋላ ጦርነት ተመልሶ መጣ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ መንግሥት ከተሞቹን መልሶ መያዙን ያስታወቀው ኅዳር 27 ቀን ነው። ከመጀመሪያው የደሴ ድብደባ ሰማንያ ስድስት ዓመት ከአንድ ቀን ሆኖታል። የደሴ ሆስፒታል መሣሪያው ተዘርፎና ተሰባብሮ ተገኘ። ሚሊዮኖች የሚጠብቁት ሪፈራል ሆስፒታል ሕሙማኑን ወደ ሌላ ለመላክ ተገደደ፤ መንገዱ ደግሞ ያው የአራት መቶ ኪሎ ሜትሩ ነው። ሥሩ የተበጠሰ እግር ያን ጉዞ በመኪና ጀምሮ ሲጨርስ ስድስቱ ሰዓት አልፎታል።

በውጭው ዓለም በዚህ መሐል ምርምሩ ከክርና ከፊኛ ወደ ሕዋስ ተሻግሯል። እ.ኤ.አ. በ1997 አሳሃራ የተባለ ጃፓናዊና ባልደረቦቹ በሰው ደም ውስጥ አዲስ የደም ሥር ሽፋን ሊያበቅሉ የሚችሉ ሕዋሳት እንዳሉ አሳተሙ። ከአምስት ዓመት በኋላ የጃፓን ሐኪሞች ከሕሙማን መቅኔ ሕዋስ እየቀዱ ደም ባጣው ባታቸው ላይ በመርፌ ወጉ፤ ሕመማቸው ቀነሰ፣ ቁስላቸው ተሻለ ተባለ። ተስፋው ታላቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ግን ከኔዘርላንድ የ160 ሕሙማን ጥናት ወጣ፤ ግማሾቹ የራሳቸውን መቅኔ ሕዋስ፣ ግማሾቹ ባዶ መርፌ ተሰጣቸው፤ ማንኛቸው ምን እንደወሰዱ አያውቁም ነበር። በሚቆረጠው እግር ቁጥር ልዩነት አልተገኘም። ይህን የምጽፈው ዛሬም የመቅኔ ሕዋስ ሕክምና በውድ ዋጋ ለሕሙማን የሚሸጥባቸው ቦታዎች በዓለም ላይ ስላሉ ነው፤ ቤቱን ሸጦ ለመሄድ የሚያስብ ወገን ስለ ኔዘርላንዱ ውጤት መጀመሪያ ይጠይቅ።

የተሻለ ፍሬ ያፈራው ሌላኛው የሕዋስ መንገድ ነው። ላውራ ኒክላሰን የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም በ1990ዎቹ የጀመረችው ሥራ እንዲህ ነው፦ የሰው የሥር ጡንቻ ሕዋሳት በሚሟሟ መረብ ላይ ይዘራሉ፤ ለሳምንታት እየተመገቡ ቱቦ ይሠራሉ፤ ከዚያ ሕዋሳቱ ታጥበው ይወጣሉ፤ የቀረው የፕሮቲን ቱቦ የማንም ሰው ሰውነት አይቆጣውም። ከተተከለ በኋላ የተቀባዩ ሕዋሳት ገብተው ይኖሩበታል። ዩክሬን ውስጥ በጦር ቁስለኞች ላይ ተሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 2024 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ለእጅና እግር የሥር ጉዳት ፈቀደው። ርዝመቱ 42 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ሆኖ ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጦ ሐኪሙን ይጠብቃል። እግሩን ለማዳን ከሌላው እግር ሥር መዋስ ለማይችል ቁስለኛ እውነተኛ እፎይታ ነው።

ነገር ግን ለደሴ ይህ ቱቦ ከመድረሱ በፊት ሊደርስ የሚገባው ሌላ ቱቦ አለ። ሐኪሞች ሻንት ይሉታል። ፈረንሳዊው ቱፊዬ በአንደኛው የዓለም ጦርነት እ.ኤ.አ. በ1915 ውስጡ ፓራፊን በተቀባ የብር ቱቦ ሞክሮት ነበር፤ አሜሪካኖች ኢራቅና አፍጋኒስታን ውስጥ በፕላስቲክ ቱቦ በሰፊው ተጠቀሙበት። ቀዶ ሐኪሙ ሥሩን አይሰፋም፤ ከሁለቱ የተበጠሱ ጫፎች የረጋውን ደም ያወጣል፣ ንጹሕ ቱቦ መሐል አስገብቶ በሁለቱ በኩል በክር ያስራል። ደሙ በቱቦው ያልፋል። አስፈላጊ ሲሆን የባት ጡንቻውን ሽፋን ሰንጥቆ ግፊቱን ይለቃል። ከዚያ የስድስቱ ሰዓት ቆጠራ ይቆማል፤ ቁስለኛው ከደሴ ተነሥቶ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ፣ ኮምቦልቻን አልፎ፣ የደም ሥር ስፔሻሊስት ወዳለበት አዲስ አበባ እስኪደርስ እግሩ ሕያው ሆኖ ይቆያል። ይህን ለመሥራት የደም ሥር ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም፤ ማንኛውም ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም በአጭር ሥልጠና ይማረዋል። የሚያስፈልገው ቱቦ፣ ክር፣ ሄፓሪንና የሠለጠነ እጅ ነው፤ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪም እያሠለጠነ ባለበት ከተማ ደግሞ የሠለጠነው እጅ ፒያሳው አጠገብ ሊገኝ ይችላል።